በእንግሊዝኛ ነገርን ማሳነስ፦ ቃሉ፣ ቅጥያው፣ ቦታው

አማርኛ ተናጋሪ አንድን ነገር ማሳነስ ሲያሻው አዲስ ቃል አይፈልግም፤ ጾታውን ወደ ሴት ያዞረዋል። «ቤቱ» የነበረው «ቤቷ» ይሆናል፣ «ይህ ወንበር» «ይቺ ወንበር» ይባላል፤ ሰሚውም ዕቃው አነስ ያለ ወይም የሚወደድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። «በዚች ደመወዝ እንዴት ይኖራል?» ሲባል ደግሞ ያው ስልት ንቀት ይሸከማል። ለሰው «ዬ» ይጨመራል፦ እናትዬ፣ ሄለንዬ፣ ልጅዬ። ለማንኛውም ስም ማለት ይቻላል ይሠራል።

እንግሊዝኛ ላይ ይህ አይሆንም። ማሳነሻ ቅጥያዎች ሞልተዋል፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ የሆኑ ቃላት አሉት፤ ከእነሱ ውጭ ሲለጠፍ ሰሚው ግራ ይጋባል ወይም ይስቃል። «ቡክ» ላይ «ሌት» ሲቀጠል «ቡክሌት» ይሆናል። «ቼይር» ላይ ቢቀጠል ግን ትንሽ ወንበር አይወጣውም፤ እንዲህ የሚል ሰው የለም። በዕለት ተዕለት ንግግር አብዛኛውን ሸክም የሚሸከሙት ከስሙ በፊት የሚገቡት ተራ ቃላት ስለሆኑ ከእነሱ እንጀምር።

«ትንሽ» ሁልጊዜ «ስሞል» አይደለም

አማርኛው «ትንሽ» ብቻውን የብዙ ቃል ሥራ ይሠራል፦ ስፋትን፣ ዕድሜን፣ ቁጥርን፣ የማይቆጠር ነገር ልክን፣ የሕመምን ወይም የአደጋን ደረጃ ይገልጻል። እንግሊዝኛ እነዚህን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው «ትንሽ» በሄደበት ሁሉ «ስሞል» ስለሚላክ ነው። ከመናገራችሁ በፊት ከአምስቱ የቱን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው።

ስፋትና መጠን ከሆነ «ስሞል» ትክክል ነው፦ ስሞል ሩም፣ ስሞል ባግ። «ሊትል»ም ይሆናል፣ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። «ስሞል» ይለካል፤ «ሊትል» እየለካ ስሜትም ይጨምራል። የቤት ደላላ «ኤ ስሞል ሀውስ» ካለ ካሬውን እየነገራችሁ ነው፤ «ኤ ናይስ ሊትል ሀውስ» ካለ እንድትወዱት እየጋበዛችሁ ነው። በአማርኛ «ቤቷ ጠበብ ትላለች፣ ግን ደስ ትላለች» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ወደ «ሊትል» ትቀርባለች።

የ«ሊትል» ሰዋስው ሦስት ቦታ ላይ ይጠልፋል። አንደኛ፣ አስተያየት የሚገልጽ ቅጽል ካለ «ሊትል» ከእሱ በኋላ ይገባል፦ «ናይስ ሊትል ሀውስ» እንጂ «ሊትል ናይስ ሀውስ» አይባልም። ሁለተኛ፣ ለማነጻጸር «ስሞለር»ና «ስሞለስት»ን ተጠቀሙ፤ «ሊትለር» መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢኖርም ከልጆች አፍ ካልሆነ እምብዛም አይሰማም። ሦስተኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብቻውን ሲቆም «ስሞል» ይመረጣል፦ «ዘ ሩም ኢዝ ስሞል»። ለሰው ሲሆን ግን «ዌን አይ ዎዝ ሊትል» ማለት «ልጅ እያለሁ» ነውና ተቃውሞ የለበትም።

ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ታናሽ ወንድሜ» ለማለት «ማይ ስሞል ብራዘር» ይባላል፤ እንግሊዛዊው የሚሰማው ግን ሰውነቱ ያነሰ ወንድም ነው። ትክክሉ «ማይ ሊትል ብራዘር» ወይም «ማይ ያንገር ብራዘር» ነው። ወንድምየው 30 ዓመት ሞልቶት፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ቢሆንም «ሊትል» ነው። በቪዛ ቅጽ፣ በፍርድ ቤት ወይም በሆስፒታል ወረቀት ላይ «ያንገር» ብላችሁ ጻፉ፤ «ሊትል» የቤት ቋንቋ ነው።

ቁጥር ከሆነ «ኤ ፊው» ነው። «ትንሽ ሰዎች መጡ» ለማለት «ስሞል ፒፕል ኬም» ካላችሁ ድንክዬዎች ናቸው የመጡት። «ትንሽ ደቂቃ ጠብቀኝ»ም «ኤ ፊው ሚኒትስ» ይሆናል። «ትንሽ ቆይቶ» «ኤ ሊትል ሌተር»፣ «በትንሹ» ደግሞ «አት ሊስት» ነው፤ ሁለቱም ውስጥ «ስሞል» ቦታ የለውም።

የማይቆጠር ነገር ላይ «ኤ ሊትል» ይገባል፦ ኤ ሊትል ዎተር፣ ኤ ሊትል ታይም። እዚህ ላይ ያቺ ፊት ያለችው «ኤ» ከባድ ሥራ አለባት። «አይ ስፒክ ኤ ሊትል ኢንግሊሽ» ማለት «ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» ነው። «ኤ»ን ጥላችሁ «አይ ስፒክ ሊትል ኢንግሊሽ» ካላችሁ «የለኝም ከማለት አይሻልም» የሚል ይሆናል። ሐኪም ፊት ይህ ከሰዋስው ያልፋል፦ «ኤ ሊትል ፔይን» ካላችሁ ሕመም አለ፤ «ሊትል ፔይን» ካላችሁ ሕመም የለም ማለት ይቀራል። ለሌላ ሰው የምታስተረጉሙ ከሆነ «ኤ»ን አትዋጧት። «ኤ ፊው»ና «ፊው»ም በዚሁ መንገድ ይለያያሉ።

ደረጃ ደግሞ የራሱ ጥንዶች አሉት፤ እነዚህን ሕግ ከመፈለግ እንደ ጥንድ መያዝ ይቀላል። ትንሽ ራስ ምታት «ስላይት ሄዴክ» ነው፣ ቀላል አደጋ «ማይነር አክሲደንት»፣ ካፊያ «ላይት ሬይን»፣ አነስተኛ ዋጋ «ሎው ፕራይስ»፣ አጭር ጉብኝት «ብሪፍ ቪዚት»፣ ጠባብ ዕድል «ስሊም ቻንስ»። ዝቅ ያለ ድምፅም «ሎው ቮይስ» ነው። ደመወዝ ሁለቱንም ይቀበላል፤ «ሎው ሳላሪ»ም «ስሞል ሳላሪ»ም ይባላል። «ትንሽ ደክሞኛል» ለማለት «አይ አም ኤ ቢት ታየርድ» ይበቃል፣ ግን «ኤ ቢት» ከቅጽልና ከስም ፊት አብሮ አይቆምም። «ትንሽ የደከመ ሰው» ማለት ካስፈለገ «ኤ ስላይትሊ ታየርድ ማን» በሉ።

አማርኛ ቁንጥር፣ ጠብታ፣ ቅንጣት፣ ፍርፋሪ፣ ጉንጭ እንደሚለው ሁሉ እንግሊዝኛም ለትንሽ ልክ የየነገሩ ቃል አለው፦ የጨው ቁንጥር «ኤ ፒንች ኦቭ ሶልት»፣ የወተት ጠብታ «ኤ ድሮፕ ኦቭ ሚልክ»፣ የሩዝ ፍሬ «ኤ ግሬይን ኦቭ ራይስ»፣ የዳቦ ፍርፋሪ «ኤ ክራም ኦቭ ብሬድ»፣ አንድ ጉንጭ ውኃ «ኤ ሲፕ ኦቭ ዎተር»፣ የአቧራ ቅንጣት «ኤ ስፔክ ኦቭ ደስት»። እንግዳ ተቀብላችሁ ሻይ ስትቀዱ «ጀስት ኤ ድሮፕ» ቢላችሁ ጠብታ ቆጥራችሁ አትቅዱለት፤ ይሉኝታ ነው።

ከ«ስሞል» በታች «ታይኒ» አለ፤ በጣም ትንሽ ማለት ነው፣ የትም ይገባል። «ሚኒት» ተብላ ደቂቃ የምትሆነው ቃል በዚያው ፊደል ተጽፋ «ማይኒውት» ተብላ ስትነበብ «እጅግ ደቃቃ» ማለት ነው፤ አጽንዖቱ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። «ፐቲት» የሴት ቁመናና የልብስ ቁጥር ቃል ናት፤ ልብስ መደብር ውስጥ ቁመታቸው ከ163 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለማይበልጥ ሴቶች የተሰፋ ማለት ነው። ለወንድ አትጠቀሙባት። «ዊ» ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚላት «ትንሽ» ናት፤ ከዚያ ውጭ በብሪታንያ የልጆች ቋንቋ ሽንትም ማለት ስለሆነች እንግዳ አገር ላይ ቆጠብ ማድረግ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ «ሊትል»። ከ«ዩር» ጋር ሲመጣ ንቀት ይሆናል። «ዩር ሊትል ፕሮጀክት»፣ «ዩር ሊትል ፍሬንድ» በአማርኛ «ያቺ ሥራህ»፣ «ያ ጓደኛ ተብዬህ» ከማለት አይርቅም። ሰው የከፈተውን ሱቅ ስታሞግሱ «ዩር ሊትል ሾፕ» አትበሉ። ባለቤቱ ራሱ «ማይ ሊትል ሾፕ» ቢል ትሕትና ነው፤ እናንተ ስትደግሙለት ግን ትሕትናው ይቀራል።

«ኢ» ድምፅ፦ የቤትና የሕፃን ቅጥያ

በዛሬ እንግሊዝኛ በሕይወት ካሉት ማሳነሻዎች ሁሉ የበለጠ የሚሠራው መጨረሻ ላይ የሚሰማው «ኢ» ነው። ሲጻፍ አንዳንዴ በዋይ ብቻ፣ አንዳንዴ በአይና ኢ ነው፦ ዶጊ፣ ኪቲ፣ በርዲ፣ ስዊቲ፣ አንቲ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቃሉ ረጅም ከሆነ መጀመሪያ አንድ የቃል ቀለም (ሲላብል) ብቻ እስኪቀር ይቆረጣል፦ ቴሌቪዥን «ቴል» ይሆናል፣ ብሬክፋስት «ብሬክ»። ቀጥሎ «ኢ» ይጨመራል፦ ቴሊ፣ ብሬኪ። አጭር አናባቢና አንድ ተነባቢ ካለው ተነባቢው በጽሕፈት ይደገማል፤ ዲ-ኦ-ጂ ላይ ሌላ ጂ ተጨምሮ ነው ዋይ የሚመጣው፣ ያለዚያ አናባቢው በረጅሙ ይነበባል። ብዙ ቁጥሩ፣ በዋይም ተጻፈ በአይና ኢ፣ መጨረሻው አይ-ኢ-ኤስ ነው። የሰው ስም ብቻ ከዚህ ነጻ ነው፤ ሁለት ቤቲዎች ሲኖሩ ዋይ ሳትነካ ኤስ ትጨመራለች።

የስም ማቆላመጫው በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሮበርት ሮቢ ወይም ቦቢ፣ ዊልያም ቢሊ፣ ኤልዛቤት ሊዚ ወይም ቤቲ ይሆናል። ይህ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ዳንኤል ዳኒ፣ ሳሙኤል ሳሚ፣ ቢንያም ቢኒ፣ ሚካኤል ሚኪ ሲባል የሚሠራው ያው መቁረጥና «ኢ» መጨመር ነው። ቴዎድሮስ ቴዲ መባሉ ደግሞ በአጋጣሚ ከእንግሊዝኛው ጋር ገጥሟል፤ ቴዎዶር የሚለው ስም ቴዎድሮስ ራሱ ነውና። ለአሻንጉሊቱ ድብ «ቴዲ ቤር» የሚለው ስም የወጣውም ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ላይ የታሰረ ድብ አልተኩስም ካሉ በኋላ።

ልዩነቱ ማን ማንን እንደሚያቆላምጥ ላይ ነው። በአማርኛ አዲስ የተዋወቅናትን የሥራ ባልደረባ «ሄለንዬ» ብንላት ደግነት ነው። በእንግሊዝኛ አገር ማይክል ብሎ ራሱን ያስተዋወቀን ሰው «ማይኪ» ማለት ድፍረት ነው፤ «ማይክ» ለማለት እንኳ እሱ ራሱ በዚያ ስም እስኪፈርም ወይም ሌሎች ሲጠሩት እስክትሰሙ መጠበቅ ነው። «ስዊቲ»፣ «ዲሪ» የመሳሰሉት ካፌ ውስጥ ከአስተናጋጅ አፍ ይሰሙ ይሆናል፤ ቢሮ ውስጥ ለአዋቂ ሴት ከተባሉ ግን እንደ ማቃለል ይቆጠራሉ።

ሌላው ጣጣ ሰዓቱን የሳተ የሕፃን ቃል ነው። «ተሚ» ከ«ስተመክ» የወጣ የልጆች «ሆድ» ነው። ሐኪም ለአምስት ዓመት ልጅ «ተሚ» ቢል ልክ ነው፤ እናንተ ለራሳችሁ ሆድ «ስተመክ» በሉ። «ዶጊ»ም «በርዲ»ም ከልጅ ጋር ካልሆነ የሚያስቁ ናቸው።

አውስትራሊያ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይላላል። እዚያ «ኢ» የሕፃን መሆኗ ቀርቶ የወዳጅነት ምልክት ሆናለች፦ ትንኝ «ሞዚ»፣ የሥጋ ጥብሱ ግብዣ «ባርቢ»፣ የእጅ ባለሙያው «ትሬዲ» ይባላል፤ ግንበኛውም አናጢውም ያለ ምንም ሐፍረት ይላታል። ሁላችን የምንላት «ሴልፊ»ም የዚያው ወገን ናት፤ መጀመሪያ ተጽፋ ከተገኘችባቸው ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የዓመቱ ቃል አደረጓት።

«ሌት»ና «ሊንግ»

«ሌት» የዕቃና የተፈጥሮ ነገር ማሳነሻ ነው። ቡክሌት ትንሽ መጽሐፍ፣ ሊፍሌት በራሪ ወረቀት፣ ድሮፕሌት ደቃቅ ጠብታ፣ ፒግሌት የአሳማ ግልገል፣ ደም ውስጥ ያለው ፕሌትሌት ትንሽ ሳሕን መሳይ ነገር ነው። የስሙ ፊደል አይለወጥም፤ «ሊፍ» ብዙ ሲሆን ኤፏ ወደ ቪ ትዞራለች፣ ለ«ሌት» ግን አትዞርም። ሰውነት ላይ ለሚደረግ ጌጥም ያገለግላል፤ አልቦ «አንክሌት»፣ አምባር «ብሬስሌት» ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽነቱ የለም። አነጋገሩን በተመለከተ የአማርኛው አጻጻፍ ያሳስታል፦ መጨረሻው ጠንካራ «ሌት» አይደለም፣ ደከም ብሎ ወደ «ለት» ይጠጋል፣ አጽንዖቱ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው።

«ሊንግ» ሁለት ፊት አለው። ለእንስሳና ለተክል ንጹሕ ነው፦ ዳክሊንግ የዳክዬ ጫጩት፣ ሲድሊንግ ችግኝ፣ ሳፕሊንግ ለጋ ዛፍ፣ ይርሊንግ ዓመት የሞላው እንስሳ። ዝይ «ጉስ» ሆና ሳለ ጫጩቷ «ጎዝሊንግ» ናት፤ አናባቢው ይለወጣል። ለሰው ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው። ዊክሊንግ ልፍስፍስ፣ ሃየርሊንግ ለገንዘብ ያደረ፣ አንደርሊንግ የሰው ጭፍራ። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ከበታቼ አምስት ሰው አስተዳድር ነበር» ለማለት «አንደርሊንግስ» ብሎ የጻፈ ሰው ሠራተኞቹን ሰደበ፤ «ጁኒየር ስታፍ» ወይም «ቲም» ይበቃል። «ዳርሊንግ» ከዚሁ ቅጥያ ወጥታ ፍቅር ላይ የቀረች ናት፣ «ሲብሊንግ» ደግሞ ወንድም ወይም እህት ማለት ብቻ ነው፣ ትንሽነት የለበትም፤ ታላቅም «ሲብሊንግ» ነው።

የእንስሳ ልጆች

አማርኛ ቡችላ፣ ጥጃ፣ ግልገል፣ ውርንጭላ፣ ደቦል፣ ጫጩት እንደሚል እንግሊዝኛም እዚህ ቅጥያ ትቶ የተለየ ስም ይሰጣል። ክፍፍሉ ግን አይገጥምም። «ግልገል» ለበግም ለፍየልም ይሆናል፤ እንግሊዝኛው የበግን «ላም»፣ የፍየልን «ኪድ» ይላል። «ካፍ» የላም ጥጃ ብቻ አይደለም፣ የዝሆን፣ የጉማሬ፣ የቀጭኔ፣ የዓሣ ነባሪም ልጅ ነው። «ፎል» የፈረስም የአህያም የሜዳ አህያም ውርንጭላ ነው። «ካብ» የአንበሳ፣ የድብ፣ የቀበሮ። «ኪተን» የድመት፣ «ፓፒ» የውሻ። በ«ኤት» የሚያልቁ ወፎችም አሉ፦ የንስር «ኢግሌት»፣ የጉጉት «አውሌት»።

አስጎብኚ ለሆነ ሰው ይህ እንጀራው ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ የጭላዳ ልጅ «ኢንፋንት» ነው፣ የዋልያ «ኪድ»። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ልጅ «ፓፕ» ይባላል፤ እንግሊዝኛ ስሙ ተኩላ ስለሚለው የውሻ ወገን ቃል ይወስዳል። የደጋ አጋዘን «ካፍ» ነው። ጫሞ ላይ ከእንቁላል የወጣች የአዞ ልጅ «ሀችሊንግ» ናት፤ ያው «ሊንግ»። ቃሉ በመሐል ከጠፋችሁ ከእንስሳው ስም ፊት «ቤቢ» በሉ፤ በንግግር ማንም አይነቅፋችሁም። በጽሑፍ «ያንግ» ይሻላል።

«ኤት» በሁለት ቲና ኢ ሲጻፍ

ከፈረንሳይኛ የመጣው «ኤት» ሁለት አጻጻፍ አለው። በኢና ቲ ብቻ የሚጻፈው አርጅቶ ከቃሉ ጋር ተዋሕዷል፤ ጃኬት፣ ፓኬት፣ ታብሌት ስንል ማሳነሻ መሆኑ ለእንግሊዛዊውም ትዝ አይለው። በሁለት ቲና ኢ የሚጻፈው ግን ዛሬም ይሰማል፣ ሦስት ትርጉምም አለው፤ የቱ እንደሆነ ካልለያችሁ ትሳሳታላችሁ።

የመጀመሪያው ትንሽነት ነው፦ ስታቹኤት ትንሽ ሐውልት፣ ኪችኔት ትንሽ ማዕድ ቤት። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ቤት የምትከራዩ ከሆነ ማስታወቂያው ላይ «ኪችኔት» ስታዩ ቆም በሉ፤ ብዙውን ጊዜ ክፍል ሳይሆን ጥግ ነው፣ ሁለት ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅና መታጠቢያ ያለው። ዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ስለመኖሩ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ሁለተኛው አምሳያነት ነው፦ ሌዘሬት ትንሽ ቆዳ አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። የሶፋ ወይም የቦርሳ መግለጫ ላይ ይህችን ቃል ካያችሁ ቆዳ አልተሸጠላችሁም። ሦስተኛው ሴትነት ነው፦ አሸሬት ሲኒማ ቤት ቦታ የምታሳይ ሴት። ይህ ወገን አርጅቷል፣ ብዙ ሴቶችም አይወዱትም፤ አዲስ ቃል አትፍጠሩበት።

የሦስተኛው ወገን ታዋቂ ቃል «ሰፍራጄት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የእንግሊዙ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ለምርጫ መብት የሚታገሉትን ሴቶች ሊቀልድባቸው ያወጣው ስም ነበር። ሴቶቹ ግን አልጣሉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የራሳቸውን ጋዜጣ በዚሁ ስም ሰየሙት። የማሳነሻ ቅጥያ ስድብ ሆኖ ተነሥቶ ባንዲራ የሆነበት ጊዜ ይህ ነው።

አነጋገሩ ከ«ሌት» ተቃራኒ ነው፤ አጽንዖቱ መጨረሻው ላይ ያርፋል፦ ኪችኔት፣ ስታቹኤት፣ ካሴት። የኦምሌትና የኤቲኬት ግን መጀመሪያው ላይ ነው።

«ኪን»ና «ኦክ» የሞቱ ቅጥያዎች ናቸው፤ ናፕኪን ላይ፣ ሂሎክ በሚባለው ጉብታ ላይ ቀርተዋል። ቃሉን መያዝ ይበቃል።

ፊት የሚገቡት፦ ሚኒ፣ ማይክሮ፣ ናኖ

ከቅጥያዎቹ ይልቅ አዲስ ቃል የሚፈቅዱት ባዕድ መነሻዎቹ ናቸው። «ሚኒ» ዕቃው ሙሉ ሆኖ በልኩ ያነሰ ማለት ነው፤ ሚኒባስ፣ ሚኒስከርት። የወጣበት «ሚኒያቸር» የሚለው ቃል መነሻው ትንሽነት አይደለም፤ የብራና ጌጥ ይቀባበት የነበረው ቀይ ቀለም በላቲን «ሚኒየም» ይባል ነበር፣ የብራና ሥዕሎቹ ትናንሽ ስለነበሩ ነው ትርጉሙ የዞረው። «ማይክሮ» የግሪክ «ትንሽ» ነው፣ «ናኖ» የግሪክ «ድንክ»። በመለኪያ ላይ ሲገቡ ግን ቀልድ የላቸውም፦ ማይክሮ የሚሊዮን አንድ እጅ፣ ናኖ የቢሊዮን አንድ እጅ ነው። መድኃኒት ብልቃጥ ላይ ማይክሮግራምና ሚሊግራም የሚለያዩት በ1000 እጥፍ ነው፤ የታይሮይድ ኪኒን በማይክሮግራም ይሰጣል። ለወላጅ የምታነቡ ከሆነ ሁለቱንም «ሚሊ» ብላችሁ አታልፉ።

«አነስ ያለ»፣ «ቀላ ያለ»

አማርኛ ቀላ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ ሲል እንግሊዝኛ «ኢሽ» ይቀጥላል፦ ሬዲሽ፣ ሎንጊሽ፣ ስሞሊሽ። ሬድ ላይ ዲዋ ትደገማለች፣ ብሉ ላይ ግን ኢዋ ብዙውን ጊዜ ትወድቃለች። ሰዓትና ዕድሜ ላይም ይገባል፤ «ሰቨኒሽ» በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ገደማ፣ «ተርቲሽ» ሠላሳ አካባቢ። ለወዳጅ ጥሩ ነው፤ ለቀጠሮ ደብዳቤ አይሆንም። ሰው ላይ ሲወድቅ ደግሞ ይነቅፋል፦ «ቻይልዲሽ» ማለት ልጅነቱን ያልለቀቀ ነው። የልጅን የዋህነት ማድነቅ ከፈለጋችሁ ቃሉ «ቻይልድላይክ» ነው።

መስለው የሚያሳስቱ

መጨረሻው «ሌት» የሆነ ሁሉ ትንሽ አይደለም። «ኢንሌት»ና «አውትሌት» ውስጥ ያለው «ሌት» ማሳለፍ የሚል ግሥ ነው። «ካትሌት» ከመቁረጥ አልወጣም፤ ፈረንሳይኛው ትንሽ ጎድን ነው የሚለው። «ቡሎክ» ትንሽ ኮርማ ይመስላል፣ ግን የተኮላሸ በሬ ነው፤ ከብት ስትሸጡ ልዩነቱ ዋጋ አለው። «ቪሂክል» ከ«ፓርቲክል» ጋር ቤት ይመታል እንጂ ማሳነሻነት የለውም። በሌላ በኩል «መስል» የሚባለው ጡንቻ በላቲን «ትንሽ አይጥ» ነው።

ስለ አንድ ቃል ከተጠራጠራችሁ መዝገበ ቃላት ላይ ከትርጉሙ በፊት ያለችውን ምልክት አንብቡ። «ኢንፎርማል» የቤት፣ «ዴሮጋቶሪ» የንቀት፣ «ዴትድ» ያረጀ ማለት ነው። ቃሉ ጭራሹ ከሌለ አትፍጠሩት፤ «ስሞል» በሉና እለፉ። ለምሳሌ ለሽያጭ ያቀረባችሁት ዕቃ ትንሽ መሶብ ከሆነ «ስሞል መሶብ» ካላችሁ ገዢው እንጀራ የሚቀርብበት፣ መጠኑ ያነሰ ዕቃ ያስባል። «ሚኒ መሶብ» ካላችሁ ግን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ሊመስለው ይችላል። የቱንም ብትመርጡ ስፋቱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አብራችሁ ጻፉ፤ ለአሜሪካ ገዢ ደግሞ በኢንች።